አፈሙዝ ልቀይር ወይስ ጥይት ልሙላ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦

«ሰላም። የድሬ ልጅ ነኝ፤ የምኖረውና የምሠራው ግን ጀርመን ነው። እዚያ የኢላማ ተኩስ ክለብ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የጠመንጃዬ የጥይት ልክ .308 ዊንቸስተር ነው፤ ማነጣጠሪያ መነጽር አለው። የምተኩሰው በ100 ሜትር ነው፤ አልፎ አልፎ 300 ሜትር ሜዳ እንሄዳለን። ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ሦስት ጥይት ስተኩስ 2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የገቡልኝ ጊዜ አለ። ተኝቼ፣ በማንገቻ ይዤ አስር ስተኩስ ግን 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ይበተናሉ። የክለቤ ሰዎች ግማሾቹ አፈሙዝ ቀይሪ ይሉኛል፣ ግማሾቹ ጥይት ራስሽ ሙዪ ይሉኛል። አሁን ለሁለት ወር እረፍት ድሬ ነኝ። ጠመንጃው እዚያው ቀርቷል። ስመለስ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ምን ልግዛ?»

አቦ፣ ምንም አትግዢ። ቢያንስ ይሄን መልስ አንብበሽ እስክትጨርሺ ቦርሳሽን ዝጊ።

እኔ ካንቺ ሩቅ አይደለሁም። ከደንገጎ ዳገት በላይ፣ ሐረር ነኝ። ወደ አገር ከመመለሴ በፊት ስዊዘርላንድ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። የቅዳሜ ከሰዓቴ ያለቀው 300 ሜትር ሜዳ ላይ ነው። ጥይትም ራሴ እሞላ ነበር። ክለብሽ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ወገኖች የሚሉሽን ሁሉ እኔም ተብያለሁ፤ አብዛኛውንም ከኪሴ አውጥቼ ሞክሬዋለሁ።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። የድሮ ሰዎች ፉዚ ግራ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ «ውጅግራ» ብለው ተገላገሉት። እኔም እንደነሱ ነኝ። አፈሙዝ ስል ሙሉውን ቱቦ ነው፤ መውጫውን የአፈሙዝ ጫፍ እለዋለሁ። ምላጭ በጣት የሚሳበው ነው። ቀለህ የናስ ቤቱ ነው። ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው አረር ነው። ጥይት መሙላት ስል ጠመንጃ ማጉረስ አይደለም፤ ቀለህ ውስጥ ባሩድና አረር አስገብቶ ጥይቱን ራስ መሥራት ነው። በቃ።

አሁን ያንን የ2 ሳንቲ ሜትር ወረቀትሽን እንየው። ግድግዳ ላይ እንደለጠፍሽው እገምታለሁ፤ እኔም ለጥፌ ነበር። ችግሩ ሦስት ቀዳዳ ስለ ጠመንጃ ብዙም አይናገርም። አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ ተኳሽ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ የአስር ጥይት ስብስብ በአማካይ ከሦስት ጥይት ስብስብ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሰፋል። ጠመንጃው አልተበላሸም። ጥይት በጨመርሽ ቁጥር ዳር የሚወጣ ቀዳዳ የማግኘት ዕድልሽ ስለሚጨምር ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንቺ የጻፍሽልኝ «የገቡልኝ ጊዜ አለ» ብለሽ ነው። ያ ምርጡ ነው፤ አማካዩ አይደለም። የሦስት ጥይት አማካይሽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ጠረጴዛ ላይ አስር ብትተኩሺ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ የጠመንጃሽና የጥይትሽ ትክክለኛ ቁጥር 4 ነው እንበል። ተኝተሽ የምታመጪውን ደግሞ 6.5 እንበለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 6.5 ሲቀነስ 4፣ የእኔ ድርሻ 2.5 ብቻ ነው፤ ትልቁ ጥፋት የጠመንጃው ነው ይላል። ስህተቶች ግን እንደ ብር ኖት አይደመሩም። አንዱ ወደ ግራ ሲጎትት ሌላው ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ አንዳንዴ ይጣፋሉ። የሚደመሩት ከትምህርት ቤት በምናውቀው በፓይታጎራስ ሦስት ማዕዘን ነው። ረጅሙ ጎን 6.5፣ አንዱ አጭር ጎን 4። ሌላኛው አጭር ጎን ስንት ይሆናል? 5.1። ያ ያንቺ ነው። ከጠመንጃው ይበልጣል።

አሁን ገንዘብሽን እናውጣ። ጥይት ሞልተሽ፣ ሁሉም ነገር ተሳክቶ፣ የጠመንጃውን ድርሻ ከ4 ወደ 3 አወረድሽው እንበል። ቀላል ስኬት አይደለም። ወረቀትሽ ከ6.5 ወደ 5.9 ይወርዳል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር! በዓይንሽ እንኳን ላታዪው ትችያለሽ። ጥይቱን ሳትነኪ ያንቺን ድርሻ ከ5.1 ወደ 3.5 ብታወርጂው ግን ወረቀቱ 5.3 ይሆናል። ሁለቱንም ካደረግሽ 4.6። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትልቁ ጎን እስካለ ድረስ ትንሹን መሞረድ ድካም ነው። መጀመሪያ ትልቁን። ስታድጊ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ያኔ ጥይት መሙላት ዋጋ ያወጣል።

ይሄን ስሌት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ፣ የፈረንጅ ክረምት ማለቴ ነው፣ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ባሩድ ስመዝን ከረምኩ። ቀለህ በሚዛን ለየሁ። አረር በካሊፐር ለካሁ። ከሦስት መቶ በላይ ጥይት ተኮስኩ። አንድ ቀን ድንቅ፣ በማግስቱ ብትን። ባሩዱን ቀየርኩ። አረሩን ቀየርኩ። ሚስቴ «ኬሚስት ሆንክ እንዴ?» ማለት ጀመረች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የክለባችን ሰው አጠገቤ መጣ። ምንም አልተናገረም። መነጽሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘው። ተንቀሳቀሰ! መነጽሩን ከጠመንጃው የሚያያይዘው የታችኛው ብሎን ላልቶ ነበር። የገጠመልኝ የጠመንጃ መሸጫ ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን ካቻቪቴ አንስቼ ያልነካሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ሄዶ ሻዩን ጠጣ።

ስለዚህ ስትመለሺ ከሁሉ በፊት በነፃ የሚደረገውን አድርጊ። መነጽሩን፣ መያዣ ቀለበቶቹንና ታችኛውን ብሎን ፈትሺ። ጠመንጃውን ከሰደፉ እንጨት ጋር የሚያስሩትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖችም እንዲሁ። በእጅ ስሜት አትሰሪ። ጉልበት የሚለካ ካቻቪቴ ክለብሽ ውስጥ አንድ ሰው አያጣም። ስንት ኒውተን ሜትር እንደሆነ የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ። ከዚያ አንድ አስር ብር አውጪ። ከአፈሙዙ ሥር፣ በእንጨቱና በብረቱ መሀል አስገቢውና ወደ ኋላ ጎትቺው። እስከ ጥይት መጉረሻው ድረስ ሳይያዝ መሄድ አለበት። ከተያዘ እንጨቱ አፈሙዙን ይነካዋል ማለት ነው። አፈሙዝ ሲተኮስ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። አንድ ቦታ ሲነካ፣ ሌላ ጊዜ ሳይነካ፣ ያው ጥይት ሌላ ቦታ ያርፋል። እንጨት ደግሞ በእርጥበት ያብጣል፤ ማንገቻ ስትወጥሪውም ይጎብጣል። ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ሆኖ በማንገቻ የሚበተን ጠመንጃ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው። ያንቺም ሊሆን ይችላል። ከሆነ ደግሞ ከ5.1ዱ የተወሰነው ያንቺ ጥፋት አይደለም ማለት ነው፤ እሰየው።

የአፈሙዙን ጫፍ በጥጥ እዪው። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጪ፣ የጆሮ ጥጥ ከውስጥ ወደ ውጭ በጫፉ ዙሪያ ጎትቺ። ክር ከያዘ እዚያ ቦታ ጭረት አለ። አረሩ ሲወጣ ጋዙ ባንድ በኩል ቀድሞ ያመልጣል፤ አረሩንም ያዘነብለዋል። ይሄ አፈሙዝ አያስቀይርም። ቶርኖ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል። አባቴ ምድር ባቡር ቶርኖ ቤት ነበር የሚሠራው፣ እዚያው ድሬ። የአንድ ፀጉር ክር ጠማማነት እንዴት እንደሚያናድደው አስታውሳለሁ።

መነጽርሽንም አትመኚው። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጪ፣ መስቀሉ ኢላማው መሀል ይሁን። እጅሽን አንሺ። ራስሽን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሺ። መስቀሉ ኢላማው ላይ ከተንሸራተተ የርቀት ማስተካከያው ትክክል አይደለም። ለኢላማ ተኩስ የተሠራ አብዛኛው መነጽር ጎኑ ላይ ወይም ፊቱ ላይ ለዚህ የሚሆን መዞሪያ አለው። የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ዓይንሽን እመኚ። ጉንጭሽ በየተኩሱ አንድ ቦታ የማያርፍ ከሆነ ይሄ ስህተት በየጊዜው ይለያያል። ብዙ ሴት ተኳሾች ለረጅም ወንድ በተሠራ ሰደፍ ነው የሚሰቃዩት። ክንድሽ ተወጥሮ፣ አንገትሽ ተንጠልጥሎ የምትይዢ ከሆነ አፈሙዝ ልትቀይሪበት ካሰብሽው ገንዘብ በትንሹ ሰደፉን አሳጥሪ፣ ጉንጭ ማሳረፊያውን ከፍ አድርጊ። ለጠመንጃው ገንዘብ አውጪ የምልሽ ይሄ ብቻ ነው።

ስለ አፈሙዝ ብዙ አልልም። .308 አፈሙዝን ቶሎ ከሚበሉት አይደለም፤ ሺዎች ጥይት ይሸከማል። ሁለት ዓመት በክለብ ተኩስ ጨርሰሽው አይመስለኝም። ቆሽሾ ከሆነ ደግሞ ማጽዳት እንጂ መቀየር አያስፈልገውም። ስታጸጂ ከኋላ በኩል አስገቢ፤ ከጫፉ በኩል የሚገባ ዘንግ ያንኑ በጥጥ የፈተሽሽውን ጠርዝ ይበላዋል።

አሁን ወደ ጥይቱ። መሙላት ከመጀመርሽ በፊት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞክሪ። ለኢላማ ተብሎ የተሠራ አራት ዓይነት ጥይት ግዢ፣ የአረሩ ክብደት ይለያይ። ከእያንዳንዱ አስር አስር፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አፈሙዙን እያቀዘቀዝሽ። አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር አረሩን ያሽከረክረዋል። ረጅም አረር ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንዱ ጠመንጃ ማር የሆነ ጥይት ለሌላው እሬት ነው። በዚህ ብቻ የጠመንጃሽ ድርሻ ከ4 ወደ 3 የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ባሩድ ሳትነኪ።

አሁንም መሙላት አለብኝ ካልሽ እሺ። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እኔም ይናፍቀኛል። ጀርመን ውስጥ ግን ባሩድ ከሱቅ አንስተሽ አትሄጂም። በፈንጂ ሕጋቸው አንቀጽ 27 የሚሰጥ የግል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኮርስና ፈተና አለው። ኮርሱን ውሰጂው። ምንም ባትሞዪ እንኳን ጥይት ምን እንደሆነ ይገባሻል። ይሄ ሁሉ እዚያው ይቅር። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ለአጎትሽ ልጅ ማሳያ ብለሽ እንኳን አንድ ቀለህ በሻንጣ ይዘሽ እንዳትመጪ።

የባሩድ መጠን ከእኔ አትጠብቂ። ከማንም ወዳጅ አትቀበዪ፤ ከክለቡ ሽማግሌም ቢሆን። የባሩዱና የአረሩ አምራች ሰንጠረዥ ያወጣል፤ መነሻና ጣሪያ አለው። ከመነሻው ትጀምሪያለሽ፣ በትንሽ በትንሹ ትወጫለሽ፣ ጣሪያውን አታልፊም። ጠረጴዛሽ ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይሁን። ሁለት ጣሳ ባለበት ጠረጴዛ አንድ ቀን መሳሳት አይቀርም። ስትሞዪ ስልክ አይነሳም፣ ሙዚቃ የለም፣ ወሬ የለም። ባሩዱን እንደሞላሽ፣ አረሩን ከማስገባትሽ በፊት፣ ሁሉንም ቀለህ በባትሪ አብርተሽ ከላይ እዪ፤ ባሩዱ ሁሉም ውስጥ እኩል መቆም አለበት። ይሄን ያልኩሽ ለጥራት አይደለም። ከመጠን በላይ ባሩድ የገባበት ቀለህ ፊትሽ አጠገብ ነው ሊፈነዳ የሚችለው።

ትክክለኛነት የሚመጣው ደግሞ አዲስ ሰው ከሚያስበው ቦታ አይደለም። አዲስ ሰው ሁሉ ሚዛን ላይ ያብዳል። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው። የግሬን አንድ አስረኛ ብትሳሳቺ በ.308 ላይ ፍጥነቱ የሚለወጠው በሰከንድ 2 ሜትር እንኳን አይሞላም። ስህተቱ በጣም ሰፍቶ የሁለት ጥይት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ተለያየ እንበል። 100 ሜትር ላይ የከፍታ ልዩነቱ ስንት ነው? 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የእርሳስ ነጥብ። በ300 ሜትር ያው ልዩነት 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እዚያ ይቆጠራል። ስለዚህ በ100 ሜትር ለምትተኩሺ ሰው ውድ ሚዛን ቅንጦት ነው።

ዋጋ የሚያወጣው ቀለሁ ነው። ሁሉም ከአንድ አምራች፣ እኩል ጊዜ የተተኮሱ ይሁኑ። ቀለህ ሲተኮስ በጠመንጃው ጉረሮ ልክ ይሰፋል። መልሰሽ ስትጨምቂው ትከሻውን፣ ማለት ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ግፊው፤ ከዚያ በላይ ከገፋሽው ናሱ ይደክማል፣ ኋላም ከሥሩ ይቆረጣል። አንገቱ አረሩን የሚይዝበት ጥብቀት እኩል ይሁን። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ካደረግሽው ፍጥነቱም አብሮ ይወዛወዛል። ከዚያ የአረሩ ጥልቀት፣ ማለት ከአፈሙዙ ጠመዝማዛ መስመር ምን ያህል ርቆ ይቀመጥ የሚለው። ይሄ አንዳንዴ ተአምር ይሠራል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ይሄን አባቴ ለቶርኖ ነበር የሚለው፤ ለባሩድም ይሠራል። የምታወዳድሪውም በሦስት ጥይት ሳይሆን በአስር ነው። አለዚያ እንደኔ ዕድልን ከሥራ ሳትለዪ ክረምቱ ያልፋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጎን፣ ወደ አንቺ። ጠመንጃ የለኝም ብለሽ አትዘኚ። ይሄ ሁለት ወር ወርቅ ነው። ሲተኮስ የሚጮኸውና የሚገፋው ነገር የለም፤ ሰውነትሽ ብቻ ነው ያለው።

ከታይዋን ገበያ ቀይ ጨረር ያላት ትንሽ መጠቆሚያ ግዢ። መጥረጊያ እንጨት ላይ በፕላስተር እሰሪያት። ክብደት እንዲኖረው ውሃ የሞላ ትልቅ ሃይላንድ ሁለት አንጠልጥዪበት። የቦርሳ ማንገቻ እንደ ጠመንጃ ማንገቻ ክንድሽ ላይ ጠምጥሚ። መኝታ ቤት ውስጥ ተኚ፤ በረንዳ ላይ አይደለም፣ ጎረቤት አይቶ ሌላ ወሬ እንዳይጀምር። ሰው የሌለበት ግድግዳ ላይ፣ 5 ሜትር ርቆ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አድርጊ። ጨረሯን እዚያ ላይ አሳርፊ። ግድግዳው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስትወዛወዝ 100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። እህትሽ ግድግዳውን በስልክ ትቅረጽልሽ። መጀመሪያ ስታዪው ታፍሪያለሽ፤ ሁላችንም አፍረናል።

አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። ሁለት ጊዜ ተንፍሺ፣ ሰውነትሽን ልቀቂው። ክፈቺ። ጨረሯ የት አለች? ከነጥቡ ወደ ቀኝ ከሆነች በክንድሽ አትጎትቻት። ሆድሽ መሬት ላይ እንዳለ፣ እግርሽን አንቀሳቅሰሽ መላ ሰውነትሽን አዙሪ። እንደገና ጨፍኚ፣ ክፈቺ። ሳትገፊያት ነጥቡ ላይ እስክትመጣ ድረስ። በጡንቻ የያዝሽው ጠመንጃ ስትተኩሺ ጡንቻው ወደሚወደው ቦታ ይመለሳል፤ በአጥንትና በማንገቻ ያረፈ ግን እዚያው ነው። ተኝቶ ከሚተኩስ ሰው ስህተት ትልቁ ክፍል እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ክለብሽ ውስጥ ስትተኩሺ በጥይትና በጥይት መሀል ይሄን ፍተሻ ታደርጊያለሽ? አስሩንም በአንድ አተኛኘት ጀምረሽ የምትጨርሺ ከሆነ 6.5ቱ አይገርመኝም።

ለምላጩ የልብስ መቆንጠጫ ውሰጂ። አመልካች ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ላይ እሰሪው። ትንፋሽሽን ግማሽ አውጥተሽ አቁሚ፤ ከስድስት ሰባት ሰከንድ በላይ አትቆዪ፣ ዓይን ይደክማል። መቆንጠጫውን ቀስ ብለሽ፣ ቀጥ አድርገሽ ወደ ኋላ ተጫኚው። ጨረሯ ዘለለች? ወደየት? ወደ ጎን ከሆነ ጣትሽ ብዙ ገብቷል ወይም በትንሹ ገብቷል። ተጭነሽ ከጨረስሽ በኋላ ጣትሽን እዚያው ያዢ፣ «አንድ፣ ሁለት» በይ። አረር አፈሙዙን ለቆ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ አጭር ነው፣ ግን አለ። በዚያ መሀል ራስሽን ቀና ካደረግሽ ጠመንጃውም አብሮሽ ቀና ይላል። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጥፎ ልማድ ነው የምትለማመጂው።

ማንገቻው ሲጠብቅ ጨረሯ በልብሽ ምት ልክ ጠብ ጠብ ስትል ታያለሽ። ማንገቻውን ከክንድሽ ትልቁ ደም ስር ላይ ወደ ውጭ አዙሪው፣ ይቀንሳል። እግረ መንገዴን ስለ በርጫ ልናገር፤ ድሬ ሆኖ ሳይነሳ አይቀርም። ከምሳ በኋላ የቃምሽ ቀን ጨረሯን ተመልከቻት። አንድ ልጅ ሐረር ላይ ይሄንኑ አሳይቼው ከአወዳይ የመጣውን ጫት በትኖ ነው የሄደው። የልብ ምት ይጨምራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ውድድር ላይ ደግሞ ጣጣ አለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲን በፀረ-አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ላይ አለ፤ በሽንት በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ጥፋት ነው። በተቃራኒው ልብን የሚያረጋጉ ቤታ ብሎከር መድኃኒቶች በተኩስ ስፖርት በውድድርም ከውድድር ውጭም የተከለከሉ ናቸው። ቡናውን እንኳን ተዪው አልልሽም፤ በየቀኑ ከለመድሽው በውድድር ቀን ማቆሙ የባሰ ነው።

ለነፋስ ደግሞ ድሬን የሚያህል ትምህርት ቤት የለም። ረፋድ ላይ፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ የደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመሽ ደረቁን አሸዋ በቢኖኩላር እዪ። ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትግቢ፤ የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ከአሸዋው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ሙቀት ታያለሽ። ነፋስ ከሌለ እንደ ፈላ ውሃ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ከጎን ሲነፍስ ያዘነብላል። ሲበረታ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ጅረት ይፈሳል። አቅጣጫ ሊቀይር ሲል መሀል ላይ ለቅጽበት ይፈላል። ያንን ቅጽበት መለየት ልመጂ። ለምን? በ300 ሜትር .308 ላይ ከጎን የሚመጣ በሰከንድ 1 ሜትር ነፋስ አረሩን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስደዋል። የ300 ሜትር ኢላማ አስር ቁጥር ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ፊትሽ ላይ በቅጡ የማይሰማ ነፋስ ከመሀል አውጥቶ አስሩ ጠርዝ ላይ ያስቀምጥሻል። በ100 ሜትር ይሄው ነፋስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ነፋስን ሰበብ አታድርጊ።

ስትመለሺ አንድ ጓደኛ ያዢ። ጠመንጃውን እሱ ያጉርስልሽ፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ማስመሰያ፣ አንቺ ሳታውቂ። ማስመሰያው ላይ ጠመንጃው ጠቅ ሲል አፈሙዙ ዝቅ ካለ ከጩኸቱ ቀድመሽ እየደነገጥሽ ነው። .308 ይሄን ልማድ ያስይዛል፤ ብዙ ጎበዝ ሰው አለበት፣ አያምንም እንጂ። መድኃኒቱ ትንሽ ጠመንጃ ነው። ክለብሽ የ50 ሜትር .22 ወይም የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ አያጣም፤ ተበደሪ። የአየር ጠመንጃው ኢላማ አስር ቁጥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ወር የቆየ ሰው ወደ .308 ሲመለስ ኢላማው የጀበና ክዳን ያህል ሰፍቶ ነው የሚታየው። የ.22 ጥይት አይሞላም። ከሳጥን ሳጥን ግን ይለያያል፤ የተሠራበትን ተራ ቁጥር እያየሽ ሞክሪ፣ ጠመንጃሽ የወደደውን ያንኑ ቁጥር ብዙ አድርገሽ ግዢ።

በየተኩሱ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ከማየትሽ በፊት የት እንደሄደ ጻፊ። «በቀኝ በኩል፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ» በይ፣ ከዚያ እዪ። ያልሽው ቦታ ላይ ካገኘሽው ስህተቱ ያንቺ ነው፤ ታውቂዋለሽ ማለት ነው፣ ይታረማል። መሀል ነው ብለሽ ዳር ካገኘሽው፣ ደጋግሞም እንዲህ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ጥይትና ስለ አፈሙዝ እናወራለን።

የመጀመሪያው ቀን አስር ጠረጴዛ ላይ፣ አስር ተኝተሽ ተኩሺ። ብሎኖቹን ካጠበቅሽ በኋላ ይሁን። ሁለቱንም ወረቀት፣ የጻፍሽውን ግምት ጭምር፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከመሄድሽ በፊት ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ብቅ ካልሽ ደግሞ መጥረጊያውን ይዘሽ ነይ፤ ቡና አለ።